በውሃና በቅባት መካከል

0.71። ቤንዝን በሚባለው ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበት ላይ ካሉት ሃይድሮጅኖች አንዱ ወጥቶ በምትኩ ክሎሪን ሲገባ የሚመጣው ለውጥ በዚህች ቁጥር ይጻፋል። ቤንዝን 2.13 ነበር፤ ክሎሪን የገባበት ክሎሮቤንዝን 2.84 ሆነ። አንድ ፀረ ተባይ ገና ወደ ፋብሪካ ሳይገባና በዓሣ ላይ ሳይሞከር፣ በእንስሳት ስብ ውስጥ ይጠራቀም እንደሆነ በኮምፒውተር ይገመታል። ከግምቱ ሥር ሆነው የሚሠሩት እንዲህ ያሉ ትንንሽ ቁጥሮች ናቸው።

ስለ ኮምፒውተሩ ጉልበት ብዙ ይወራል። ሥራውን ቀረብ ብሎ ለሚያይ ሰው ግን ኮምፒውተሩ የሚያደርገው መደመር ነው፤ እሱንም ልጅ በወረቀት ላይ ሊሠራው ይችላል። ጥበቡ ያለው የሚደመሩት ቁጥሮች በተለኩበት፣ በተመረጡበትና በተገጣጠሙበት እጅ ላይ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ደግሞ መጋጠሚያዎቹ አለመሸፈናቸው ነው። ሠሪዎቹ ቁራጩ የት ላይ ልክ እንደገባና የት ላይ አልገባም እንዳለ ማንም እንዲያየው አድርገው ትተውታል።

የሚለካው ነገር ቀላል ነው። ቀይ ወጥ ከእሳት ወርዶ ሲረጋ ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ የበርበሬው ቅላት ከዘይቱ ጋር ይሄዳል፣ ጨዉ ግን ከታች ከውሃው ጋር ይቀራል። ኬሚስቱ ይህንኑ በጠርሙስ ያደርገዋል። ውሃና ኦክታኖል የሚባል ቅባታም አልኮል አንድ ላይ ያፈሳል፤ የሚፈተነውን ንጥረ ነገር በጥቂቱ ይጨምርበታል፤ ይንጠዋል፤ ሁለቱ ፈሳሾች ሲለያዩ በየትኛው ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ይለካል። በኦክታኖሉ ውስጥ ያለው መጠን በውሃው ውስጥ ላለው ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ፒ ይባላል። ይህ ውጤት ከኢምንት ክፍልፋይ ተነሥቶ ብዙ ሚሊዮን ስለሚደርስ በሎጋሪዝም አጥፈው ሎግ ፒ ብለው ይጽፉታል። ሎግ ፒ 1 ሲሆን ንጥረ ነገሩ ዐሥር እጥፍ ወደ ቅባቱ ያደላል፣ 2 ሲሆን መቶ እጥፍ፣ 3 ሲሆን ሺህ እጥፍ። ዜሮ ላይ ሁለቱንም እኩል ይወዳል፤ ከዜሮ በታች ምርጫው ውሃ ነው። በዚህ ሚዛን 0.71 ሲጨመር ንጥረ ነገሩ ከቀድሞው አምስት እጥፍ ያህል ወደ ቅባት አዘነበለ ማለት ነው።

ኦክታኖል እንዲሁ በአጋጣሚ የተያዘ ፈሳሽ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ማርቡርግ የነበረው ሐንስ ሆርስት ማየርና ዙሪክ የነበረው ቻርልስ ኧርነስት ኦቨርተን፣ ማደንዘዣዎች ኃይላቸው ወደ ቅባት ባላቸው ዝንባሌ ልክ መሆኑን ያሳዩት በወይራ ዘይት ነበር። የወይራ ዘይት ግን የብዙ ነገሮች ድብልቅ ነው፤ የዘንድሮው ከአምናው፣ የአንዱ አገር ከሌላው አንድ አይሆንም። ኦክታኖል አንድ ንጥረ ነገር ነው፤ የትም ላቦራቶሪ ቢገዛ ያው ነው። ስምንት ካርቦን የረዘመ ቅባታም ጭራ አለው፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ውሃን የሚይዝ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ። ከውሃ ጋር ሲናጥ ጥቂት ውሃ ወደ ውስጡ ያስገባል። የሕዋስ ሽፋንም ቅባታም ሆድና ውሃ የሚወድ ፊት ያለው ስለሆነ በዚህ ይመሳሰላሉ። መለኪያው የሚለካውን ነገር በመጠኑ እንዲመስል፣ ግን ከእሱ ይልቅ የተረጋጋ እንዲሆን ተደርጎ ተመርጧል።

ይህን መለኪያ ወደ ቀመር የለወጡት ሰዎች የሠሩት በካሊፎርኒያ፣ ክሌርሞንት በምትባል ከተማ፣ ፖሞና ኮሌጅ በሚባል ትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ኬሚስቱ ኮርዊን ሐንሽ እዚያ የገባው በ1946 ሲሆን ከዕፅዋት ተመራማሪው ሮበርት ሚዩር ጋር ለዓመታት አንድ ጥያቄ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፌኖክሲ አሴቲክ አሲድ የሚባሉት ንጥረ ነገሮች የተክልን እድገት ያዛባሉ፤ ከመካከላቸው 2,4-ዲ የታወቀ ፀረ አረም ሆኗል። ቀለበቱ ላይ ያለው ክሎሪን ቦታ ሲቀይር፣ ወይም በክሎሪኑ ፋንታ ሌላ ቁራጭ ሲገባ ኃይላቸው የሚጨምረውና የሚቀንሰው ለምንድን ነው?

በእጃቸው የነበረው መሣሪያ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ሉዊስ ሐሜት በ1937 ያቀረበው ሲግማ የተባለ ቁጥር ነበር። ሲግማ አንድ ቁራጭ ቀለበት ላይ ሲቀመጥ ኤሌክትሮኖችን ምን ያህል ወደ ራሱ እንደሚስብ ወይም እንደሚገፋ ይናገራል። ለብቻው ግን የተክሉን ነገር ሊያስረዳ አልቻለም። ከኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ቶሺዮ ፉጂታ መጥቶ ከተጨመረ በኋላ የጎደለው ታየ፤ ንጥረ ነገሩ ሥራውን ከመሥራቱ በፊት ሥራው ያለበት ቦታ መድረስ አለበት። መድረስ የቅባትና የውሃ ጉዳይ ነው፤ መሥራት የኤሌክትሮን ጉዳይ። ስለዚህ ፓይ የሚባል አዲስ ቁጥር ፈጠሩ፤ አንድ ቁራጭ ሲጨመር ሎግ ፒ በስንት እንደሚለወጥ የሚናገር። 0.71 የክሎሪን ፓይ ናት። በ1962 ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ቀመር አቀናጅተው አሳተሙ። ኃይሉ የተለካው በአጃ ቡቃያ እድገት ነበር።

የቀመሩ ውበት እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ትርጉም ያለው መሆኑ ላይ ነው። ሲግማ ያለበት ክፍል መድረሻው ላይ የሚሆነውን ይናገራል። ፓይ ያለበት ክፍል የመንገዱን። ከዚያ ሦስተኛ ነገር አለ፤ ፓይ በራሱ ተባዝቶ፣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ተደርጎበት ይገባል። በዚህች ትንሽ ጭማሪ መስመሩ ቀጥ ብሎ መውጣቱን ይተውና ኮረብታ ይሠራል፤ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። ምክንያቱም ውሃን አብዝቶ የሚወድ ንጥረ ነገር የመጀመሪያውን ሽፋን አያልፍም፤ ቅባትን አብዝቶ የሚወድ ደግሞ የመጀመሪያው ሽፋን ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል። የሚሳካለት መካከለኛው ነው። ቁጥሮቹን ለማስማማት ብቻ የገባ ክፍል ቢሆን ኖሮ ማንም አያከብረውም ነበር። ይህ ግን ሞለኪውሉ በሕዋስ ውስጥ የሚጓዘውን ጉዞ በአንድ ምልክት ይተርካል።

አሁን መጋጠሚያዎቹን እንይ። ቀለበቱ ላይ የኦክስጅንና የሃይድሮጅኑ ጥንድ ሲገባ ፌኖል ይሆናል። የጥንዱ ፓይ ከዜሮ በታች 0.67 ነው፤ 2.13 ላይ 0.67 ሲቀነስ 1.46 ይመጣል፣ የፌኖል ልክም ያው ነው። እዚህ ላይ በአንጻሩ ቦታ ክሎሪን ይጨመር። 1.46 ላይ 0.71 ተደምሮ 2.17 መሆን ነበረበት። ተለክቶ የተገኘው ግን 2.39 ነው። በ0.22 ተርፏል።

የትርፉ ምክንያት ይታወቃል። ክሎሪኑ ኤሌክትሮኖችን በቀለበቱ በኩል ወደ ራሱ ይስባል፤ ማዶ ያለው ኦክስጅን ይሳሳል፤ ውሃን የሚይዝበት አቅም ይላላል። ውሃው የለቀቀውን ቅባቱ ይወስደዋል። ስለዚህ ቁራጮች ዝም ብለው አይደመሩም፤ በቀለበቱ በኩል ይነካካሉ። ሐንሽና ፉጂታ ባልደረቦቻቸውን ይዘው በ1964 የፓይን ሰንጠረዥ ሲያወጡ አንዱን ቁራጭ በተለያዩ ሞለኪውሎች ላይ ለክተው፣ የማይገጣጠሙትን ቁጥሮች ጎን ለጎን አሳተሙ። ክሎሪን በቤንዝን ላይ 0.71፣ በፌኖል ላይ 0.93። አማካዩን አንድ ቁጥር ብቻ ቢያወጡ ሰንጠረዡ የተሻለ በመሰለ ነበር። ያልገጠመው ግን የኬሚስትሪ ወሬ ይዞ ስለመጣ አልጣሉትም።

የፖሞናው ትውልድ ዋጋዎቹን አንድ በአንድ ሲለካና ሲሰበስብ፣ ሌሎች ደግሞ ሥራውን ወደ ፕሮግራም አስገቡት። ዛሬ በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የግምት ፕሮግራሞች ውስጥ የሚገኘው ኮውዊን የሚባለው ክፍል፣ ሲራኪዩስ ከተማ የነበሩት ዊልያም ሜይላንና ፊሊፕ ሐዋርድ በ1995 ያሳተሙት ዘዴ ነው። ሞለኪውሉን ይቆራርጣል፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ዋጋ አለው፤ ይደምራል። ክሎሮቤንዝንን ብንሰጠው የሚከተለውን ይሠራል። ስድስት የቀለበት ካርቦኖች፣ እያንዳንዱ 0.2940፣ በድምሩ 1.764። ቀለበት ላይ የተቀመጠ አንድ ክሎሪን፣ 0.6445። ለሁሉም ሞለኪውል የሚጨመር ቋሚ ቁጥር፣ 0.229። ድምሩ 2.64።

ልኩ 2.84 ነው ብለናል። ፕሮግራሙ በ0.20 አነሰ። እንዲህ ለሚያህል ቀላል ሞለኪውል መሳቱ መጀመሪያ ያስገርማል። ግን 0.6445 የተበጀው ለክሎሮቤንዝን ብቻ አይደለም፤ ቀለበት ላይ ክሎሪን ላለው ሞለኪውል ሁሉ ነው። ቁጥሩ ለሁሉም እንዲበቃ ለአንዱም ፍጹም ልክ ሳይሆን ቀርቷል። እኔ ግን የወደድኩት የውጤቱን ገጽ ነው። ፕሮግራሙ የመጨረሻውን ቁጥር ሰጥቶ አይሰናበትም፤ ቁራጮቹን በተራ፣ የእያንዳንዱን ብዛትና ዋጋ እየዘረዘረ ያትማል፤ የተለካ ዋጋ በማኅደሩ ካለው ከግምቱ ጋር ያስቀምጠዋል። ስሕተቱን ለማግኘት የሚፈልግ ሰው ማስረጃውን ከራሱ ከፕሮግራሙ እጅ ይቀበላል።

ከዚህ ቁጥር ወደ ደኅንነት የሚወስደው መንገድ በዓሣ በኩል ያልፋል። ዓሣ በስንጥቡ ውሃ ሲያስገባና ሲያስወጣ ይውላል፤ ደሙና ስቡ ከውሃው ጋር በማያቋርጥ ልውውጥ ላይ ናቸው። ቅባት የሚወድ ንጥረ ነገር ከውሃው ወጥቶ ወደ ዓሣው ይሸጋገራል። በ1979 ጊልማን ቪዝና ባልደረቦቹ ይህን ወደ አንድ መስመር አመጡት፤ ሎግ ፒን በ0.85 አባዝተህ 0.70 ስትቀንስ፣ በዓሣው ውስጥ ያለው ክምችት በውሃው ውስጥ ካለው ስንት እጥፍ እንደሚሆን ሎጋሪዝሙን ታገኛለህ። ሎግ ፒ 4 ከሆነ 500 እጥፍ ያህል፣ 5 ከሆነ 3,500 እጥፍ ያህል። እየቆየ ደግሞ መስመሩ ለዘላለም እንደማይወጣ ታየ፤ ሎግ ፒ ከ7 ገደማ ካለፈ በኋላ ይታጠፍና ይወርዳል። የአጃ ቡቃያው ኮረብታ በዓሣም ላይ ብቅ አለ።

ዲዲቲ በዚህ ኮረብታ አናት አካባቢ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ሁለት ቀለበቶችና አምስት ክሎሪኖች አሉት፤ ሎግ ፒው 6.91 ነው፣ በውሃ ውስጥ ካለው 8 ሚሊዮን እጥፍ ያህል ወደ ኦክታኖሉ ይገባል ማለት ነው። ፓውል ሙለር ተባይ ገዳይነቱን በ1939 አግኝቶ በ1948 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ይህን ቁጥር የሚጠይቅ አልነበረም። በኢትዮጵያም ለወባ መከላከያ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ለአሥርት ዓመታት ተረጭቷል፤ አዳሚ ቱሉ ያለው ፋብሪካ ያዘጋጀው ነበር። በ2011 የወጣ ጥናት በቆቃ ሐይቅ ዓሦች ውስጥ ዲዲቲና ዝርያዎቹን አግኝቶ፣ ክምችቱ ከዓሦቹ የስብ መጠንና በምግብ ሰንሰለቱ ላይ ካላቸው ቦታ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ መርምሯል።

በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት አንድን ንጥረ ነገር በሕያዋን ውስጥ የሚጠራቀም ነው ለማለት ካስቀመጣቸው መስፈርቶች አንዱ በውሃ እንስሳት ውስጥ ከ5,000 እጥፍ በላይ መከማቸቱ ነው፤ ይህ መረጃ በማይገኝበት ጊዜ ሎግ ፒው ከ5 በላይ መሆኑ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል። የዓሣው ልኬት ይቀድማል፤ የጠርሙሱ ቁጥር እሱ ሲጠፋ ይተካል። የሕግ አርቃቂዎች የኬሚስቶቹን ጥንቃቄ ሳያበላሹ ወደ ውል አሸጋግረውታል።

ወደ 2,4-ዲ እንመለስ። የጤፍና የስንዴ ገበሬ የሚያውቀው ነው፤ ቅጠለ ሰፊውን አረም ገድሎ ሰብሉን ያልፋል። ስሙ ላይ ያሉት 2 እና 4 የሁለቱን ክሎሪኖች መቀመጫ ይናገራሉ። ሎግ ፒው 2.81 ነው፤ ወደ ቅባት ያለው ዝንባሌ ከዲዲቲ ጋር ሲነጻጸር በዐሥር ሺህ እጥፍ ያህል ያነሰ ነው። ይህ ልክ ግን ሞለኪውሉ ሙሉ አሲድ ሆኖ ሳለ የተለካ ነው። በአፈርና በወንዝ ውሃ ውስጥ ሃይድሮጅኑን ጥሎ ኤሌክትሪክ ይሸከማል፤ ያኔ ውሃ ወዳድ ይሆናል። በስብ ውስጥ አይጠራቀምም፤ ከጎርፍና ከሥርገት ጋር ግን ይሄዳል። ስለዚህ ዝቅተኛ ሎግ ፒ የደኅንነት ምስክር ወረቀት አይደለም። ጥያቄውን ከዓሣው ስብ ወደ ጉድጓዱ ውሃ ያዛውረዋል።

ቁጥሩ ራሱ ሲለካም ብልሃት ይጠይቃል። ጠርሙሱ ሲናጥ ዓይን የማያያቸው የኦክታኖል ጠብታዎች ውሃው ውስጥ ተበትነው ይቀራሉ። ለፌኖል ምንም አይደለም። ለዲዲቲ ግን የውሃው አንድ ሚሊዮንኛ ብቻ ጠብታ ቢሆን እንኳ፣ ጠብታው ውስጥ ያለው ዲዲቲ በእውነት በውሃው ከሟሟው ስምንት እጥፍ ይሆናል። ለኪው ውሃ የለካ መስሎት ቅባት ይለካል፤ ሎግ ፒውም ከእውነቱ በታች ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው አለመናጥ ሆነ። በ1989 የታተመው ዘዴ ሁለቱን ፈሳሾች ጠብታ እንዳይፈጠር በዝግታ፣ ለቀናት ያማስላል። ሁለት የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ተመራማሪዎች በ2001 ስለ ዲዲቲና ዲዲቲ ሲፈርስ ስለሚወጣው ዲዲኢ የተጻፉ ከ700 በላይ ጽሑፎችን ሲያገላብጡ በብዙ መቶ እጥፍ የሚራራቁ ዋጋዎች፣ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጡ የተበላሹ ጥቅሶችም አግኝተዋል። ፕሮግራም የሚማረው ከእንዲህ ዓይነት ሰንጠረዦች ነው። ሰንጠረዡን ማጽዳት ማንም የማያጨበጭብለት ሥራ ነው፤ የቀመሩ ጤና ግን በእሱ ይወሰናል።

ቀመሩ ጨርሶ የማይደርስበትም አለ። ፓራኳት የተባለው ፀረ አረም ሎግ ፒው ከዜሮ በታች እጅግ የወረደ ነው፤ በስብ አይጠራቀምም። ሆኖም የተዋጠ ጥቂት መጠን ይገድላል፤ የሳንባ ሕዋሳት ሌላ ነገር መስሏቸው፣ ለራሳቸው ጥቅም በያዙት ማጓጓዣ እየሳቡ ያስገቡታል። ሰልፍሉራሚድ ደግሞ በብራዚል ቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖችን ለማጥፋት የሚውል ሲሆን ሲፈርስ ፒፎስ ወደሚባለው ንጥረ ነገር ይለወጣል። ፒፎስ ውሃና ቅባት አንድ ላይ ሲሰጡት አንዱን አይመርጥም፤ ድንበራቸው ላይ ይቀመጣል። በሰውነት ውስጥም ስቡን ትቶ የደምና የጉበት ፕሮቲኖችን ይይዛል። በ2009 ወደ ስቶክሆልም ዝርዝር የገባው በዓሣው የስብ ቀመር ሊገመት የማይችል ሆኖ ነው።

ለዚህ ነው በ2002 ፖርቱጋል ሴቱባል ላይ የተረቀቁትና በ2004 የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት አባል አገሮች የተቀበሏቸው አምስት መርሆዎች የሙያው ሕግ የሆኑት። ግምቱ የሚናገረው ስለ ምን እንደሆነ ይታወቅ። አሠራሩ ግልጽ ይሁን። ለየትኞቹ ሞለኪውሎች እንደሚሠራ ድንበሩ ይሰመር። ምን ያህል እንደሚገጥምና ላላየው ነገር ምን ያህል እንደሚተነብይ ይቅረብ። ከተቻለም ለምን እንደሚሠራ ምክንያቱ ይነገር። ሦስተኛው ለእኔ የሁሉም ራስ ነው። መሣሪያው የት ላይ መቆም እንዳለበት ከመሣሪያው ጋር አብሮ እንዲጻፍ ያዛል።

አንድ መዝጋቢ ባለሙያ ጠረጴዛው ላይ ሎግ ፒ 4.9 የሚል ግምት ቢመጣለት፣ ከ5 በታች ነውና ይለፍ ማለት ይችላል። የቁራጮቹን ዝርዝር የሚያነብ ግን ፕሮግራሙ ክሎሮቤንዝንን በሚያህል ነገር እንኳ 0.20 እንደሳተ ያስታውሳል፤ 4.9 እና 5.1 በእንዲህ ያለ መሣሪያ ፊት አንድ ናቸው። ያ ፋይል ለውሳኔ አልበሰለም፤ ለልኬት ይሄዳል። ሐንሽም ቀመሩ ዓለም ላይ ከታወቀ በኋላ መለካትን አልተወም። ከአልበርት ሊዮ ጋር ሆኖ በ1995 ያወጣው ሥራ ከፊሉ ሌላ ሳይሆን የተለኩ ዋጋዎች ሰንጠረዥ ነው፤ ገጽ ከገጽ እየተከተለ፣ ሞለኪውል በሞለኪውል።